ያልጨረስኩትን መጽሐፍ ምን ላድርገው?

ዛሬ ላካፍላችሁ ያሰብኩት ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንዳንዶቻችሁም «ይህ ደግሞ ምን ጉዳይ ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በእኔና በባለቤቴ መካከል ለአምስት ወር ያህል ተደብቆ የቆየ ነገር ስለሆነ፣ በእናንተም ቤት አይጠፋም ብዬ ነው።

እስቲ ወደ መኝታ ቤታችሁ ግቡና ከራስጌ ያለውን ኮመዲኖ ተመልከቱ። ከመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ሥር የተቀመጠ፣ አቧራ የጠጣ፣ መካከሉ ላይ የሠርግ መጥሪያ ወይም ያለቀ የሞባይል ካርድ የተሰካበት መጽሐፍ የለም? ካርዱ እዚያ ገጽ ላይ ከተሰካ ስንት ጊዜ ሆነው? መጽሐፉን ስታዩትስ ምን ይሰማችኋል? ደስታ ነው ወይስ ዕዳ?

እኛ ቤት ነበረ። እንዲያውም ሁለት ነበሩ።

ሻማ የበራበት ምሽት

የምንኖረው ጅማ፣ ወደ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው መንገድ ሥር ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከጀመረ የሚያቆም አይመስልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋብቻችን 15ኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እኅት ስለ ትዳር የተጻፈ የትርጉም መጽሐፍ በስጦታ ወረቀት ጠቅልላ አመጣችልን። ሽፋኑ ላይ ባልና ሚስት በባሕር ዳርቻ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። እኛም ደስ ብሎን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በሳምንት ሁለት ምሽት አብረን ልናነብ ተስማማን። አንድ ምሽት እኔ አነባለሁ፣ አንድ ምሽት እርሱ ያነባል።

መጽሐፉ መጥፎ አልነበረም። የተጻፈው ግን ለእኛ አልነበረም። ባልየው ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ገብቶ መኪናውን ሲጠግን ይውልና ሚስቱ ትቀየማለች። ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ማን ይሙላ በሚል ይጨቃጨቃሉ። ምክሩ ደግሞ ልጆቻችሁን ለሞግዚት ትታችሁ በወር አንድ ጊዜ ሆቴል እደሩ የሚል ነው። እኛ ቤት መኪናም ማሽኑም የለም፤ ልጆቻችንን ትተን ሆቴል እንደር ብንል ደግሞ እናቴ ከአጋሮ ድረስ ሽማግሌ ይዛ በመጣች ነበር! በየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄዎች አሉ፤ የትዳር ጓደኛችሁን ከ1 እስከ 10 ባለው ነጥብ መዝኑ ይላል። እኔ ሁልጊዜ 8 እሰጠዋለሁ። እርሱም ሁልጊዜ 8 ይሰጠኛል።

አምስት ወር እንዲህ ቆየን። አንድ ምሽት፣ የማንበቡ ተራ የእርሱ በሆነበት ቀን፣ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስኩና መጽሐፉን አቀበልኩት። ገለጠውና ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያም «ዛሬ እንኳ ብንተወውስ?» አለኝ።

«ደከመህ?»

«አልደከመኝም። እውነቱን ልንገርሽ? ይህን መጽሐፍ አልወደድኩትም። ከመጀመሪያው አልወደድኩትም።»

«ታዲያ ለምን ታነበዋለህ?»

«አንቺ ስለወደድሽው ነዋ!»

እኔ ለእርሱ ብዬ ነበር የማነበው። ተሳሳቅን። ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። አምስት ወር ሙሉ ሁለታችንም እየሰለቸን፣ አንዳችን ለሌላው «ደስ ይላል» እያልን አንብበናል፤ ያውም ስለ ትዳር ግልጽነት የሚናገር መጽሐፍ። በዚያ ምሽት ሻማው አልቆ እስኪጠፋ ድረስ ተነጋገርን። ባለቤቴ ከእናቱ ዕረፍት ወዲህ በቤታችን ድምፁን አውጥቶ መጸለይ እንዳቃተው የነገረኝ በዚያ ምሽት ነው። በመድረክ ላይ ይጸልያል፤ ቤት ውስጥ ግን አፉን ሲከፍት የእናቱ ድምፅ ይመጣበታል። እኔ ድካም መስሎኝ ነበር። ያን ያህል ጊዜ አብሬው እየተቀመጥኩ፣ 8 ነጥብ እየሰጠሁት፣ ይህን አላወቅኩም።

መጽሐፉን ከዚያ በኋላ አልገለጥነውም።

ለምን መተው ያቅተናል?

በባልና በሚስት መካከል የሆነውን ነገርኳችሁ። ብቻዬን የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅኩ በኋላ «ትምህርቴን እንዳልረሳ» ብዬ አንድ ወፍራም የነገረ መለኮት መጽሐፍ ገዛሁ። በተማሪነት ጊዜ ከዚያ የከበደ አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ያ ለፈተና ነው። የታዘዘ ንባብ ሌላ ነገር ነው፤ ተማሪ የሆናችሁ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ መምህራችሁ ጋ እንዳትሄዱ አደራ። ወደ ነገሬ ስመለስ፣ መጽሐፉ ገጽ 64 ላይ አስቆመኝ። አንድን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ አራተኛው ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ችግሩ ይህ አልነበረም። ችግሩ «ይህን ሳልጨርስ ሌላ መጽሐፍ አልነካም» ብዬ ለራሴ መማሌ ነበር። ወገኖቼ፣ በዚያ መሐላ ምክንያት ሦስት ዓመት ለሰንበት ትምህርት ከምዘጋጅበት በቀር አንድም መጽሐፍ አላነበብኩም! ዕልባቱ ገጽ 64 ላይ፣ እኔም ገጽ 64 ላይ።

ምክንያቱን ሳስበው ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል። በልጅነታችን ከገበታ ላይ ምግብ ማስተረፍ ነውር ነበር። መጽሐፍ ደግሞ በአገራችን ውድ ነው፤ የተገዛበት ገንዘብ ከአስቤዛ ተቀንሶ ነው። በዚህ ላይ እኛ አማኞች አንድ ተጨማሪ ሸክም አለን፤ መጽናት መንፈሳዊ፣ መተው ደግሞ የመንፈስ ድካም ይመስለናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ሩጫውን እንደ ጨረሰ የተናገረውን በ2ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4 ላይ እናነባለን። እርሱ ግን የተናገረው ስለ እምነት ሩጫ ነው። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 13 ላይ ጢሞቴዎስን መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም የብራናዎቹን፣ ይዞለት እንዲመጣ ያሳስበዋል። ሁሉንም አንብቦ ጨርሷቸው እንደነበረ የተጻፈ ነገር የለም። (ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «ይህ ስብከት አይሆንም» አለኝ።)

የገንዘቡን ነገር አባቴ ባየው ነገር ልንገራችሁ። አባቴ አጋሮ ላይ በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ሚዛን ይመዝን ነበር። አንድ ዓመት ነጋዴው ጀንፈሉን በውድ ዋጋ ሰበሰበና ወዲያው ገበያው ወደቀ። «ከገዛሁበት በታች አልሸጥም» አለ። ወር ጠበቀ፤ ሁለት ወር ጠበቀ፤ ክረምት ገባ። መጋዘኑ እርጥበት ሳበ፤ ቡናው ሻገተ። መጨረሻ ላይ አስቀድሞ ከቀረበለት ዋጋ በብዙ ዝቅ ብሎ ሸጠ። አባቴ «የወጣውን ገንዘብ ለማዳን ሲል በእጁ ያለውን አጠፋ» ይል ነበር። የመጽሐፉን ዋጋ አንዴ ከፍለናል፤ ብናነበውም ባናነበውም አይመለስም። ገና ያልወጣው የዛሬ ማታችን ነው።

የቡና ገበሬዎቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃሉ። ቡናው ሲያረጅ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አስቀርተው ይጎነድሉታል። የማያውቅ ሰው ቢያይ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ይላል። ገበሬው ግን ሰንፎ አይደለም፤ አዲሱ ቀንበጥ ከዚያው ጉቶ ላይ እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ነው።

ልጄና የተደበቀው መጽሐፍ

ስለ ራሴ የነገርኳችሁ ጉዳት በእኔ ላይ የቀረ ነው። በልጄ ላይ ያደረስኩት ግን አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ትልቋ ልጄ 12 ዓመት ሲሆናት የአንድ ሚስዮናዊ የሕይወት ታሪክ ገዛሁላትና «በዕረፍት ጊዜሽ ጨርሺው» አልኳት። ልጅቷ ከዚያ በፊት ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ ነበረች፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር። ይህን መጽሐፍ ግን አልወደደችውም። «እማ፣ ይህ ይከብዳል፤ ሌላ ላንብብ?» አለችኝ። «የጀመሩትን መጨረስ ይልመድብሽ» አልኳት። ሁለት ሳምንት ቆይታ «ጨረስኩት» አለች። ደስ አለኝና፣ እንደ አስተማሪ ሆኜ፣ መጨረሻው ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷ ተለወጠ። መጽሐፉን ከፍራሽ ሥር አገኘሁት፤ የታጠፈው ገጽ 20 አይሞላም።

በዚያን ቀን ስለ ውሸት ኃጢአትነት ረዥም ንግግር አደረግሁላት። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ማታ ስተኛ፣ እውነቱን ስትነግረኝ ያልሰማኋት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ የመጣችው በእውነት ነበር፤ «ይከብዳል» ብላ። በሩን ስዘጋባት ነው በመስኮት የወጣችው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ በእጇ አላየሁም።

በዚያ ዓመት ነው ስለ አስቴር ጋኖ የበለጠ ያሰብኩት። ብዙዎቻችሁ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎመውን ኦኔሲሞስ ነሲብን ታውቃላችሁ፤ አብራው የደከመችውን እኅት ግን ስሟን የሚያነሣ ጥቂት ነው። አስቴር ነጻ ሆና የተወለደች፣ በኋላም እዚሁ በእኛ አካባቢ በነበረው በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆና የወደቀች ናት። ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣልያን መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነጻ አወጧት። በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በምንኩሉ፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ለትርጉሙ ሥራ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀች እርሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1894 ለአዲስ አንባቢዎች የሚሆን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ሲታተም ምን እንደተሞላ ታውቃላችሁ? አስቴር ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች 500 ያህል ሰብስባ ነበር፤ ብዙዎቹ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ዓላማቸው ሰዎች የእግዚአብሔርን ቃል በቋንቋቸው እንዲያነቡ ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ነገር ግን ለአዲሱ አንባቢ በአያቱ ምድጃ ዳር የሰማውን ተረትም አቀረቡለት። ፊደል ገና እየለየ ያለ ሰው የሚያውቀውን ተረት በወረቀት ላይ ሲያገኘው ገጹን ሳይገልጥ አይቀርም። ከባርነት የወጣችው እኅታችን ለማንበብ ደስታ ቦታ ሰጥታለች። እኔ የመጋቢ ሚስት፣ በኮሌጅ የተማርኩት፣ ይህን ለልጄ ነፈግኋት።

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ከዛሬ ጀምሮ ያልወደድሽውን መጽሐፍ መልሺልኝ፤ ለምን እንዳልወደድሽው ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ሁለት መጽሐፍ አከታትላ መለሰችልኝ። እየፈተነችኝ ነበር መሰለኝ። ሦስተኛውን አልመለሰችም።

አቦሉን ቅመሱ

«እንግዲያስ በመጀመሪያው ገጽ ሁሉ እንጣል?» ለምትሉ፣ አይደለም። ናንሲ ፐርል የተባሉ አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አንድ ቀላል ልክ አላቸው። ዕድሜያችሁ እስከ 50 ከሆነ ለመጽሐፉ 50 ገጽ ዕድል ስጡት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዕድሜያችሁን ከ100 ቀንሱና የቀረውን ያህል ገጽ አንብቡ ይላሉ። የ70 ዓመት አባት 30 ገጽ ይበቃቸዋል ማለት ነው። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ጊዜ ውድ ነውና! ፈረንሳዊው መምህርና ደራሲ ዳንኤል ፔናክም እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ለአንባቢ አሥር መብቶችን ሲዘረዝሩ፣ መጽሐፍን አለመጨረስን በሦስተኛነት አስቀምጠውታል። መብት የሚለው ቃል ለእኔ ትንሽ ይከብደኛል። እኔ በጅማ ልማድ ባስበው ይሻለኛል፤ ቡና ተፈልቶ ስትጠሩ አቦሉን ሳትቀምሱ መነሣት ነውር ነው። ለአቦሉ ተቀመጡ። እስከ በረካ ለመቆየት ግን ቤት ውስጥ የሚጠብቃችሁን ነገር አስቡ።

ደግሞ ዛሬ የተዋችሁት መጽሐፍ ለዘላለም የተተወ አይደለም። አባቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተወው። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ እንደወደደው ታውቃላችሁ፤ አባቴን ግን ውፍረቱ ያስፈራው ነበር። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰማ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ሲደገም የሰማሁትን አስታውሳለሁ፤ በዚያ ሰዓት እኛ ቤት ሳል እንኳ ይከለከል ነበር። አባቴ ትረካው ሲያልቅ ያንኑ መጽሐፍ ከሣጥን አውጥቶ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልጨረሰውም። መጽሐፉ በ1962 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ በክብደቱ የሚነሣ ስለሆነ እኔም አልፈርድበትም፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ገና በሦስተኛው ነኝ።

ሰለቸኝ ወይስ አገኘኝ?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እዚህ ላይ ራሴን ነው የምከስሰው።

ከእናቴ ዕረፍት በኋላ በአጋሮው ቤት ጉዳይ ከታናሽ እኅቴ ጋር ተቀያየምን። ማን ምን አለ የሚለውን አልጽፍም፤ እርሷም ይህን መጽሔት ታነባለች። በዚያው ሰሞን ስለ ይቅርታ የተጻፈ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከሚሸጡት ገዛሁ። ለራሴ አልነበረም፤ ለሴቶች ኅብረት ትምህርት ነበር። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ተውኩት። ባለቤቴ ሲጠይቀኝ «ጸሐፊው ይደጋግማል፤ ደረቅ ነው» አልኩት። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ መተውን ተለማምጄ ስለነበር ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ።

ከዓመት በኋላ መደርደሪያውን ሳጸዳ አገኘሁት። ዕልባቱ ባለበት ገለጥኩት። ጸሐፊው በዚያ ገጽ ላይ ይቅር ልንለው የሚከብደንን ሰው ስም በወረቀት ላይ እንድንጽፍ ይጠይቃል። እስከዚያ ገጽ ድረስ ያለውን እንደገና አነበብኩት፤ ደረቅ አልነበረም፤ አልደጋገመምም። እኔ ነኝ ያንን ስም መጻፍ ያልፈለግኩት።

እኅቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ መጽሐፍ ስትዘጉ ይህቺን አንዲት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የተውኩት ስለሰለቸኝ ነው ወይስ ስላገኘኝ? የሰለቸው ሰው መጽሐፉን ዘግቶ ይረሳዋል። የተነካ ሰው ግን ዘግቶም ከጸሐፊው ጋር ይከራከራል። እኔ ዓመት ሙሉ በልቤ «ምን ያውቃል እርሱ?» ስል ነበር። የሰለቸኝ መጽሐፍ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ስሟን ጻፍኩ። መጽሐፉን ጨረስኩት፤ 100 ገጽ እንኳ የማይሞላ ነበር። ከዚያ ስልክ ደወልኩ። እኅቴ አነሣችው። እንደ ድሮው ሆነናል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ለበዓል እንጠያየቃለን፤ የቤቱ ነገር አሁንም አላለቀም።

ስለ መጽሐፍ ቅዱስስ?

ይህን ርዕስ በሴቶች ኅብረት ሳነሣ አንዲት እናት «እትዬ፣ ታዲያ ዘሌዋውያንንም ልተወው?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፤ ጥያቄው ግን የብዙዎቻችን ነው። መስከረም ላይ በአንድ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን እንጨርሳለን ብለን ከዘፍጥረት እንነሣለን፤ ኅዳር ላይ ዘሌዋውያን ውስጥ እንቆማለን። 1,189 ምዕራፎች ካሉት ቃል ውስጥ በ27ቱ ምክንያት ሌላውን ሁሉ እንዘጋለን። ልክ እንደ እኔ ገጽ 64!

የእግዚአብሔር ቃል እንደ ሌላው መጽሐፍ የሚጣል አይደለም፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ነገር ግን መንገዱን መለወጥ ቃሉን መተው አይደለም። ዘሌዋውያን ላይ የቆማችሁ ወደ ማርቆስ ተሻገሩ፤ 16 ምዕራፍ ነው። ከዚያ ተመለሱ። የ1954ቱ ትርጉም አማርኛ ለወጣት ልጆቻችሁ ከከበዳቸው፣ በ1993 ዓ.ም. የታተመውን አዲሱን መደበኛ ትርጉም ስጧቸው፤ «የአባቶቻችን ቃል ተነካ» ብላችሁ አትቆጡ። ደግሞም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን የአገራችንን ሰው አስቡ። ያን የሚያህል ባለሥልጣን፣ የንግሥቲቱን ሀብት የሚያስተዳድር፣ በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውላለህን ብሎ ሲጠይቀው አልደበቀም፤ የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት እንደሚችል ነው መልሶ የጠየቀው። ፊልጶስንም ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። እኛ ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ጫፍ ተቀምጠን አምስት ወር ያልተናገርነውን፣ ይህ ሰው መንገድ ላይ ላገኘው እንግዳ ተናገረ።

የተተዉ መጻሕፍት ቅርጫት

ያልጨረሳችሁትን መጽሐፍ ምን ታደርጉታላችሁ? በኅብረታችን አንድ ነገር ጀምረናል። በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዷ የተወችውን መጽሐፍ ይዛ ትመጣና ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጣለች። ውስጡ ትንሽ ወረቀት ይኖራል፤ የት ገጽ ላይ እንደቆመችና ለምን እንደሆነ ተጽፎበት። ሌላዋ አንሥታ ትወስዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ማንም አላመጣም፤ ሁሉም መጽሐፉን ጨርሳ የምታውቅ ይመስል ነበር። እኔ የገጽ 64ቱን ሳስቀምጥ ግን በሚቀጥለው ወር ቅርጫቱ ሞላ። ያንን የትዳር መጽሐፍ ያመጣችልን እኅት ሳትቀር ሁለት አመጣች። የእርሷን ስጦታ አልጨረስነውም ብዬ ስነግራት በጣም ሳቀች፤ እርሷም ሳታነበው ነው ለካ የሰጠችን።

የእኔን ወፍራም መጽሐፍ የወሰደችው ሔርማታ ገበያ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ እኅት ናት። ከ8ኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። ስትወስደው «ይከብድሻል» ልላት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሦስት ሳምንት ቆይታ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠበቀችኝ። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ወረቀቷ ከመጨረሻው አካባቢ ብቅ ብሏል።

«እትዬ፣ ምዕራፍ 9 ላይ ስለ ጸጋ ያለውን ነገር እርስዎ እንዴት ያዩታል? እኔ አልተስማማሁበትም» አለችኝ።

«እኔ እዚያ አልደረስኩም» አልኳት።

«እንግዲያስ ይቀመጡ» አለችና አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።